ከቪዲዮው ስር

የሚስቴን ወንድም አፉን በቡጢ ያልኩት ልጄ ሂሳብ እየተማረች ሳለ ነው። ትምህርት ቤቱ የከሰዓቱን ክፍል በኢንተርኔት ስላደረገው፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ሳሎን ትቀመጣለች። ዋርሳዬ፣ እኛ ቤት ምሁሩ ነው የምንለው፣ እየመጣ ያስጠናታል። የዚያን ቀን ልጅቷ አንድ ጥያቄ ይዛ ወደኔ ዞረች። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ደብተሩን ተቀብዬ ሳገላብጠው ምሁሩ ሳቀ።

«ተዪው እሱን፤ የአባትሽ ሂሳብ በሜትር ነው። ከበር ስፋት በላይ አይቆጥርም።»

ይሄ ሰው እህቱን ለትዳር ስጠይቅ «ለብረት ቀጥቃጭ አንሰጥም» ያለ ነው። ያንን ውጬ ኖሬያለሁ። ልጄ ፊት ግን አልዋጥ አለኝ። እጄ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሳ የሚውል እጅ ነው። ሁለት ጥርሱ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ደሙ ደብተሩ ላይ ተረጨ። መሬት ወድቆም አልተውኩትም፣ በእግሬ ጎኑን አልኩት። ሚስቴ ወገቤ ላይ ተጠምጥማ ነው የጎተተችኝ። እሱ ለእህቱ ሲል «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብሎ ለሰው አወራ። ውለታ መዋሉ ነው። ከራሱ ይልቅ ውለታውን ጠላሁት።

ስልኩ ከነካሜራው ክፍት መሆኑ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ሌላ ሆነች። ስልኩ ትር ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። ጥፍሯን እስኪደማ ትበላለች። እኔ ስገባ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች። የሰፈር ጎረምሳ የሚያስቸግራት መስሎኝ መስኮቷ ላይ ወፍራም የብረት ፍርግርግ በየድኩበት።

«አሁን ዝንብ እንኳ በፈቃድ ነው የሚገባው» አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመጣ መታጠቢያ ቤት ተቆልፋ ስታለቅስ ሰማኋት። በሩን በትከሻዬ ገነጠልኩትና ስልኩን ከእጇ ነጠቅኩ። ቪዲዮ ነበር። የኔ ጀርባ፣ የኔ ቡጢ፣ ምሁሩ መሬት ላይ። ከስሩ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጪ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነይ፣ ብቻሽን። ከቀረሽ ወይም ለሰው ከተናገርሽ ይሄ ፖሊስ ጋ ይሄዳል። አባትሽ እስር ቤት ይበሰብሳል።»

«ማነው ይሄ?»

«የጥናት ረዳት የሚባለው ነው። ክፍላችን ውስጥ አለ።»

«መምህርሽ ታውቀዋለች?»

«ሊንኩ ያለው ሁሉ ይገባል አባዬ። ስሙን ራሱ ነው የጻፈው። እኛ እሷ ያመጣችው መስሎን ነበር።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «መጀመሪያ የቤት ሥራ አገዘኝ። ቀጥሎ የት እንደምንኖር ጠየቀኝ። አንተ ስንት ሰዓት እንደምትገባ ጠየቀኝ። እምቢ ስለው ይሄን ላከ። መምህራችንና ልጆቹ ሲወጡ እሱ ቀርቶ ነበር፤ አጎቴን ስትመታው ቀርጾታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትገድለዋለህ። ከዚያ ይወስዱሃል።»

ይህን ያለችው ሳትንቀጠቀጥ ነው፤ ነገ ዝናብ ይዘንባል እንደማለት።

ሚስቴ «ወንድሜን እንጥራውና ፖሊስ ጋ አብራችሁ ሂዱ» አለች።

«በሱ አፍ ልናገር ነው?»

«በየትኛው አፉ? አንተ መቼ አስተረፍክለት» አለች።

በማግስቱ ልጅቷን ቤት አስቀርቼ፣ አጭሯን መዶሻ ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ማቆሚያው ላይ ሰው ተሰልፏል። ከልጄ ስልክ መልእክቱ ወደመጣበት ቁጥር ደወልኩ። የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቦርሳ ያነገተ ሰው ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ። ማን እንደደወለ አየና ፈገግ አለ።

መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩት። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሲወድቅ ፊቱን በጫማዬ አልኩት፤ ደገምኩት። ሰዉ «ገደለው፣ ኧረ ያዙት» ይላል፤ የሚይዝ ግን የለም። ሰውየው ስልኩን ወደ መንገዱ ሊወረውር እጁን ሲያነሳ፣ ጣቶቹን ከነስልኩ አስፋልቱ ላይ ቀጠቀጥኩ። እሱ መጮህ ካቆመ በኋላም ስልኩን እቀጠቅጥ ነበር። የኔ ሥራ እንዲህ ነው፤ የደቀቀ ነገር ያለቀለት ነገር ነው። ቪዲዮውን የገደልኩት መሰለኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሰውየው ጉልበቱና እጁ በፋሻ ታስሮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በተሰነጠቀ ከንፈሩ «አላውቀውም፤ አውቶቡስ ስጠብቅ እብድ መጣብኝ» ይላል።

«ልጄን አስፈራርቷል ነው የምትለው?» አለኝ መርማሪው። «ማስረጃህ የታለ?»

የሰውየውን ስልክ እኔው ዱቄት አድርጌዋለሁ። የልጄ ስልክ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ይሄኔ ምሁሩ መጣ። ሚስቴ ደውላለት ነው። ክንዴን ይዞ ኮሪደር አወጣኝ። ሲያወራ በጥርሶቹ ክፍተት አየር ይወጣል።

«ዋርሳ፣ ስማኝ። ቪዲዮውን ካሳየህ ሁለት ድብደባ ነው የሚሆንብህ። ይቅር ብዬዋለሁ በላቸው። እናሳክመዋለን፣ እንታረቃለን፣ ትወጣለህ።»

«እሱስ?»

«እሱም ይወጣል።»

«ወጥቶ ነገ ሌላ ክፍል ይገባል።»

ምሁሩ ክንዴን ለቀቀ። በነገር ስረታው የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን ደስ አላለኝም። መልእክቱን ብቻ ላሳይ ብል ከቪዲዮው ስር ነው ያለው፤ አንዱ ያለ አንዱ አይታይም። ተመልሼ ገባሁና ስልኩን መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

ሲያየው ድምፁን ከፍ አደረገው። ከቡጢው ድምፅ ኋላ የልጄ ድምፅ አለ፤ «አባዬ በቃ፣ አባዬ በቃ» እያለች። የዚያን ቀን አልሰማኋትም ነበር። መርማሪው መልእክቱን ሁለቴ አነበበ። ከደቀቀው ስልክ ሲም ካርዱን ለቅሞ በራሱ ስልክ ውስጥ ከተተና በልጄ ስልክ መልእክቱ ወደመጣበት ቁጥር ደወለ፤ የራሱ ስልክ እጁ ላይ ጮኸ። ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«ይሄ መሬት ላይ ያለው አንተ ነህ?» አለው መርማሪው፣ ተከትሎኝ የገባውን ምሁሩን።

«እኔ ነኝ። ደረጃ የሚባል ነገር አልነበረም።»

«ትከሳለህ?»

ምሁሩ አየኝ። «እከሳለሁ» አለ።

እሰየው አልኩ በልቤ። ከዚህ ሰው ሌላ ውለታ የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም። ግን አንድ ነገር መለመን ነበረብኝ፣ የሚለመንም እሱ ብቻ ነበር። ቀበቶዬን እያስፈቱኝ ጠራሁት።

«ስትማር አጠገቧ ቁጭ በል። ማን እንደሚገባ እይ። ያላወቅከው ሰው ካለ እዚያው መምህሯን ጠይቅ።»

«እሺ» አለ።

አመሰግናለሁ አላልኩትም። ሰውየውን በአንዱ በር፣ እኔን በሌላው አስገቡን።