የአባቴ ጋቢ

«ወረቀት የያዘ ሰው ስለ አባትሽ ከጠየቀሽ ሞቷል በይ» ብላኛለች እናቴ። ሌላ ምክር አልነበራትም። ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ነው፤ መሬት ይለካል ተብሎ፣ ባላገሩም አናስለካም ብሎ ጫካ የገባበት። አባቴ ሽባባውም ዳማ ፈረሱን ጭኖ ከገቡት ጋር ገባ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዳንግላ ሁለተኛ ክፍል እማራለሁ።

ሞቷል ማለቱ ከበዳት ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ፤ እሱንስ ለመድኩት። የከበደኝ ስሙን አለመጥራት ነው። ቤት እያለ ጠዋት ጠዋት ከኮርቻው ፊት ያስቀምጠኝና እስከ ከተማው መግቢያ አድርሶኝ፣ «በይ ውረጂ እሜቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊያስተምሩሽ ይሆን» ይለኛል። ከሄደ በኋላ ያንኑ መንገድ በእግሬ ስሄድ፣ የፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እዞራለሁ። ጋሪ ነው። ሁልጊዜ ጋሪ ነው። ናፍቆቱ አንጀቴን ሲበላኝ ለማን ልንገር? ከእናቴ ጋር እንኳ አናነሳውም ነበር።

በዚህ መሀል ወይዘሪት ዘውድነሽ የምትባል ሴት ከአዲስ አበባ መጣች። ልጆች ምን እንደሚያስቡ ላጥና ብላ ነው አሉ። የልጅ ሐሳብ ደግሞ ምኑ ይጠናል ብለው አስተማሪዎቹ ሳቁባት፤ ቢሆንም የዳይሬክተሩን ክፍል ለቀቁላት። ማክበራቸው ነው። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ ከሳምንት በፊት ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አባታቸው የሸፈተባቸውን ልጆች፣ እኔንም ጭምር፣ አንድ በአንድ እያስገቡ ሲመረምሩ እንደዋሉ ግን ማንም አልነገራትም። ምስኪን፣ በምን ትወቀው።

ተጠርቼ ገባሁ። ወንበሩ ያው ወንበር ነው። ፈገግ አለችልኝ፤ እነዚያም ፈገግ ብለው ነበር። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ያሉበት ሥዕል አሳየችኝ።

«ይኼ ሰውዬ ማነው?»

«አላውቀውም።»

«አባትሽ ምን ይሠራል?»

«ሞቷል።»

«መቼ?»

«ድሮ።»

«ይናፍቅሻል?»

«አይናፍቀኝም።»

ሁሉንም ጻፈችው። ከእስክሪብቶዋ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ያን ቀን የመለሰላት ወንበሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ቅዳሜ ዕለት ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ፣ ወይዘሪት ዘውድነሽ ከገበያ ስትመለስ አየችኝና ወደ እኔ ወረደች። ወረቀት አልያዘችም። ውኃ የጠጣ ጋቢ ለብቻ አይጨመቅም፤ እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ እታገላለሁ። ጫማዋን አወለቀችና ውኃው ውስጥ ገብታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። እሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ እናጠመዝዛለን። የከተማ ሴት ናትና እጇ ቶሎ ቀላ፤ እኔም ሳቅሁባት።

«ይኼስ የትልቅ ሰው ጋቢ ነው» አለችኝ እየሳቀች። «የማነው?»

«የአባቴ» አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ጫፉን ለቀቅኩት። ወንዙ ጋቢውን ይዞት ሊሄድ ሲል እሷ ደረሰችበት። የሞተ ሰው ጋቢ ማን ያጥባል? ገብቷታል። ግን ምንም አልጠየቀችኝም። «ነይ ያዢ፣ ገና ውኃው አልወጣም» ብላ ጫፉን መለሰችልኝ፤ መጭመቃችንን ቀጠልን።

ያኔ አፌ ተፈታ። የቤታችን ቋንቋ ሌላ ነውና፣ አማርኛው ሲያጥረኝ በእጄ እያሳየሁ ስለ አባቴ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ ሲስቅ ምን እንደሚመስል፣ በአንድ እጁ አንስቶ ኮርቻው ላይ እንዴት እንደሚያወጣኝ፣ ዳማውን ከሜዳ ሲጠራው ምን እንደሚለው። ጋቢውን አጎቴ ወደ ጫካ እንደሚወስድለትም ነገርኳት። ስሙን ጠራሁት። ሽባባው፣ ሽባባው እያልኩ አለቀስኩ፤ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል! እሷ እርጥቡን ጋቢ ታቅፋ ሰማችኝ።

«ይጽፉታል?» አልኳት ስጨርስ።

ባዶ እጇን አሳየችኝ። «አልጽፈውም። ግን የፊተኛውን፣ ሞቷል ያልሽኝን፣ ልሰርዘው?»

ልቤ ይሰርዙት ይሰርዙት አለኝ። እንደዚያ ያማረኝ ነገር የለም። ግን እነዚያ ሰዎች ወረቀቱን ቢያገኙትስ?

«ይተዉት» አልኳት። «እንደሞተ ይሁን።»

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ጋቢው ደረቀና ጫካ ሄደ። ክረምቱ ሲያልፍ የሸፈቱት አንድ ሁለት እያሉ ወደየቤታቸው ገቡ። አባቴ አልገባም። ሲሞት አየሁ የሚል የለ፣ ፈረሱን አገኘሁ የሚል የለ። እናቴ ተዝካሩን እናውጣለት ሲሏት «የማንን? ማን ሞተብኝ?» እያለች እስክትሞት ድረስ ተጣላቻቸው። ስለዚህ አባቴ መቃብርም ተዝካርም የለውም። መሞቱ የተጻፈው በዚያች ሴት ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ይኸው አረጀሁ። መልኩ ከዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል። ወይዘሪት ዘውድነሽ በሕይወት ካለች ከእኔ የባሰች አሮጊት ናት፤ ባገኛት ወረቀቱን አልጠይቃትም። የምጠይቃት ወንዝ ዳር የነገርኳትን ነው። ዳማውን ከሜዳ ሲጠራው ምን ይለው እንደነበር ነግሬያት ነበር። እኔ ረሳሁት።