ግርጌው ሲቆረጥ

እናታችን ቤት ወለል ላይ የታየው ስንጥቅ መጀመሪያ ክር ያክል ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ጣት ማስገባት ጀመረ። እሷ ግን ምንጣፍ ጣል አድርጋበት ዝም አለች። ቤቱን አባታችን ከሞተ በኋላ ብቻዋን ተሟሙታ ያሠራችው ነው፤ ከዚያ ወጥታ ሌላ ቦታ መኖርን አስባው አታውቅም።

የወንድም ጋሼ ቤት ከእሷ በታች፣ ዳገቱ ግርጌ ላይ ነው። በበጋው፣ መኪና ማቆሚያ ጠበበኝ ብሎ ግርጌውን በኤክስካቫተር አስቆረጠው። እማዬ፣ "ተው ልጄ፣ ከላይ ያለውን አፈር የያዘው እሱ ነው" ብትለው፣ "አንቺ ደግሞ! አፈር እግር አለው እንዴ?" ብሎ ሳቀባት። እዚያው ነበርኩና በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መሐንዲስ አስጠራን። ወጣት ሴት ናት። ስንጥቁን ተከትላ እስከ ጓሮ አጥሩ ዞረች፤ አጥሩ ወደ ቁልቁለቱ ተንጋዷል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ሰበሰበችን።

"ዳገቱ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ከላይ ጀምረን አፈሩን እያነሳን ካላለዘብነው፣ ቤቱም አፈሩም ተያይዘው ታች ያለው ቤት ላይ ይወርዳሉ።"

"ከላይ ስትዪ?" አለች እማዬ።

"የእርስዎ ቤት ያለበትን ነው፣ እናቴ። መፍረስ አለበት።"

ከታች የወንድም ጋሼ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማል።

"ለመሆኑ ግርጌውን ማነው ያስቆረጠው?" አለች መሐንዲሷ።

ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ሲያወራ እንኳ ከአፍ የሚነጥቅ ሰውዬ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ጠፋችው።

"እኔ ነኝ" አለች እማዬ። "ልጄ መኪናውን መንገድ ላይ እንዳያሳድር ብዬ።"

አፌን ልከፍት ስል እጄን ጨመቅ አደረገችኝ። ያናደደኝ መዋሸቷ አይደለም፤ እሱ መሬት መሬቱን እያየ መቀበሉ ነው።

ቤቱ ፈረሰ። ማሽኑ ዳገቱን በእርከን በእርከን አወረደው፤ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቀደደ፣ ግርጌው በድንጋይ ካብ ተደገፈ፣ እርከኑ ላይ ሣር ተተከለ። እማዬ ዕንባ አልወጣትም። "ልጆቹ በሰላም ይተኙ እንጂ" ብላ ዕቃዋን ይዛ ወንድም ጋሼ ቤት ገባች።

አንድ እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ምሳ ቀረበ። የወንድም ጋሼ ሚስት በበጋው እናቷ ጋ ስለነበረች፣ ስለ ቁፋሮው የምታውቀው እማዬ ያለችውን ብቻ ነው።

"እማማ" አለቻት ሳህኗን እየሞላችላት፣ "እርስዎ ባያስቆርጡት ኖሮ እኮ ይኼኔ ቤትዎ ነበሩ።"

"ምን ላድርግ፣ ልጄ። እርጅና ነው።"

ወንድም ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። ልጆቹ ያዩታል።

"እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት" አለ። "እሷማ ተው ብላኝ ነበር። ቤቷን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

እማዬ ቀና ብላ አየችው። ዕንባዋ ያኔ ወረደ።

"ቤቱስ ይሂድ" አለችው። "እኔ አንተንም ያጣሁ መስሎኝ ነበር።"