የሹዪን አፈር

በቻይናው ዉዪ ተራራ ስምንተኛው ወር ሲገባ የሻይ ሥር ይቆፈራል። ሥሩ ጥቂት ቀን ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ከጫካ በመጣ አዲስ አፈር ይለብሳል። ሹዪን ይህን ልማድ ሰባት ዓመት በትከሻዋ ስትወጣው ሌላው መንደርተኛ ዩሪያውን በትኖ እግሩን ዘርግቶ ይተኛ ነበር። እሷም ድሮ ከሟች ባሏ ጋር በትናለች። የነቃችው አፈሩ ኮምጥጦ፣ እንደ ጡብ ደርቆ፣ የምድር ትል እንኳ ሲጠፋበት ነው። አምና ደግሞ ዘይቱ የወጣለትን የጎመን ዘር ፋጉሎ ለማዳበሪያ ብላ ሳታብላላ ጥሬውን ቀብራ ሃያ የሻይ ግንድ አቃጠለች። መንደሩ ሳቀባት። ይሳቅ!

ዛሬ ጠዋት የሻይ ገበሬዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ፋንግ አምስት ከረጢት ዩሪያ በሁለት ሰው አሸክሞ ማሳዋ ድረስ መጣ።

"እትዬ ሹዪን፣ ተወስኗል። የሁሉም ማዳበሪያ አንድ ዓይነት ነው። እምቢ ካሉ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።"

"እስቲ ጎንበስ በል" አለችና ከጫካ አምጥታ ከከመረችው አፈር ዘግና አሳየችው። ጥቁርና ልል ነው፤ እንደ ሻጋታ ያለ ነጫጭ ክር ተጠላልፎበታል። "ሥሩን የሚያበሉት እነዚህ ናቸው። በዓይን የማይታዩትማ ስንትና ስንት! ዓመት በዓመት ያንን ጠጠርህን ስትደፋባቸው ያልቃሉ።"

"በሻጋታ የበቀለ ሻይ ማን ይገዛል? አምና በፋጉሎ የፈጁትን ረሱት?"

"አልረሳሁም። እኔ ጥፋቴን አውቃለሁ፤ አንተስ?"

ፋንግ አንዱን ከረጢት መቅደድ ጀመረ። ሹዪን መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ደሟ ፈላ። ሁለቱን ቅርጫቶቿን ከክምሩ ሞልታ በቀርከሃ መሸከሚያ ዘንጓ ጫፍና ጫፍ አንጠለጠለችና ቁልቁል ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።

"ወዴት ነው?"

"ቦታው የማኅበሩ ነው፤ ለፈለግኸው ስጥ። አፈሩን ግን ከጫካ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በትከሻዬ መጣ፣ በትከሻዬ ይሄዳል።"

"ሥሩ እኮ ራቁቱን ነው! ፀሐይ ይፈጀዋል!"

"አፍንጫህን ላስ!"

ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። መንደርተኛው ደጅ ወጥቶ ያያታል፤ የሚስቅ ግን የለም። በአራተኛው ፋንግ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ለሚተካት ገበሬ የደረቀ የሻይ ግንድ ማስረከብ እንዳልፈለገ ፊቱ ያስታውቃል።

"ይመልሱት።"

"መጀመሪያ ከረጢትህ ይሂድ።"

"ቦታው በእጅዎ ይቆይ። ቅጠልዎ ግን ፋብሪካችን አይገባም!"

"በገዛ ድስቴ እቆላዋለሁ።"

ተሸካሚዎቹ ጥላ ስር ተቀምጠው አልነሳም አሉ። ፋንግ ሌሎቹን ከረጢቶች ኋላ አውርዱ ብሏቸው የተቀደደውን ራሱ ተሸከመ። ሹዪን ከኩርባው እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ያወረደችውን አፈር ልትመልስ ወደ ግቢዋ ሄደች። ዳገቱ ከቁልቁለቱ ይከብዳል፤ እሷ ግን ቅርጫቶቹን እስከ አፋቸው ሞላች።