የሲላስ ዋርፊልድ ለቅሶ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽፈራው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ አንዲት የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ቆሞ «ሞተብኝ» ሲል ያመለጠችው ቃል ቅዳሜ ቤቱን በለቅሰኛ ሞላችበት። የሞተው ሰውዬ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከሞተ ዘጠና ሦስት ዓመት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽፈራው አዲስ አበባ ሳለ የእሳት አደጋ መኪና መካኒክ ነበር። በሱዳን በኩል አትላንታ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሪዬታ ያለ አንድ የተዘጋ የጥጥ ፋብሪካ ይጠብቃል። በግቢው ከእሱና ከርግቦቹ በቀር ነፍስ ያለው የለም። ኢንሹራንሱ ስላዘዘ በየሳምንቱ ዓርብ የፓምፑን ቤት ይከፍታል፣ አሮጌውን የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ግሪስ ቀብቶ ያዞራል፣ ከዚያ በግቢው ዙሪያ የተተከሉትን ቀያይ የውሃ ቧንቧዎች አንድ በአንድ ከፍቶ ይዘጋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ፓምፑ ላይ የሠሪው ስም በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጿል። ፈረንጆቹ ሳይለስ ዋርፊልድ ይሉታል፤ ሽፈራው ግን በመጽሐፍ ቅዱሱ አጠራር ሲላስ ይለዋል። የፓምፑን መመሪያ መጽሐፍ ከአንድ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አግኝቶ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ክረምቱን ሙሉ አነበበው። የሰውዬው ታሪክ መግቢያው ላይ አለ። ሲላስ ውሃ ማማ ላይ ተጠራቅሞ እስኪወርድ ምን ያስጠብቀኛል ብሎ፣ ፓምፑ ራሱ ውሃውን በቧንቧ እየገፋ በየሰዉ ደጃፍ የሚያደርስበትን ዘዴ ፈጠረ። እሳት ሲነሣ ባልዲ ይዞ መሯሯጥ ቀረ፤ ቧንቧውን መክፈት ብቻ። ይህንኑ ይዞ የአንዲት ከተማ ሹማምንት ዘንድ ቢሄድ ሳቁበት። በዓመቱ ከተማይቱ ነደደች። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ በሰማንያ አንድ ዓመቱ በኪራይ ክፍል ውስጥ ሞተ፣ የተገኘውም በሦስተኛው ቀን ነው።

ይቺ ሦስተኛ ቀን የምትባል ነገር ሽፈራውን አልለቅ አለችው። እሱስ ቢሞት ማን ያውቃል? ዓርብ ፓምፑ ሳይዞር ቢቀር ምናልባት ኢንሹራንሱ ይደውል ይሆናል። በኪራይ አፓርታማው አራት ዓመት ሲኖር፣ በረሮ ለማጥፋት መድኃኒት ከሚነፋው ሰውዬ በቀር ደጁን የረገጠ የለም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ከኋላ ይቆማል፤ ሰው ሳይበተን ሹልክ ብሎ ይወጣል። ዓይን አፋር ነው፤ ሰው ግን ኩሩ ይለዋል። እና ምን ያድርግ? ለሲላስ ያወራለት ጀመር። «እንደምን አደርክ ሲላስ? ዛሬም ሁለታችን ብቻ ነን» ይለዋል ግሪሱን እየቀባ። አላበደም፤ ብቸኝነት ነው እንጂ።

ፋብሪካው ተሸጠና፣ በዚያ ረቡዕ የቁርጥራጭ ብረት ሰዎች መጡ። ሽፈራው ፓምፑን ፈትተው የሚወስዱት መስሎት መፍቻ ይዞ ሮጠ። ኧረ የት! በትልቅ መዶሻ ነው የፈረካከሱት። የዱሮ ብረት ሲሰበር እንደ ደወል ይጮኻል። አለቃቸው የሽፈራውን ፊት አይቶ የነሐሱን ሰሌዳ ነቀለና ሰጠው። የሽፈራው ሥራም በዚያው ቀን አበቃ።

ሰሌዳውን በፌስታል ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሱቁ በር ላይ፣ ስሙ ወንድሙ የሚባል የቤተ ክርስቲያኑ ወጣት አገኘው። ወንድሙ ታክሲ ነጂ ነው፤ አትላንታ ውስጥ እሱን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«ጋሼ፣ ምነው? ዓይንዎ ቀልቷል። አር ዩ ኦኬ?»

«ሞተብኝ።»

«ማን?»

«ሲላስ» አለ። ሊያስረዳ ነበር፤ እንባው ቀደመው። ወንድሙ ጥብቅ አድርጎ አቀፈው። ሽፈራው ሰው ካቀፈው ስንት ዘመኑ! ማስረዳቱን እዚያው ትከሻ ላይ ረሳው። ወንድሙም በታክሲው እስከ አፓርታማው አደረሰው።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሽፈራው የበረሮው ሰውዬ መስሎት ከፈተ። ወንድሙ የቤተ ክርስቲያኑን ተጣጣፊ ወንበሮች በሁለት ትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። ከኋላው ወይዘሮ የሺእመቤት፣ የደብሩ አዛውንት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ንፍሮ የሞላ ድስት ይዘዋል። ከእሳቸው ኋላ ደረጃው እስከ ታች ሰው ነው።

«እግዜር ያጥናዎ፣ አቶ ሽፈራው።»

«አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለኝ» አለ።

አሥራ አራት ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። ክፍሉ ሞቀ፤ መስኮቱ ላብ አወጣ። ከዚያ እንደ ወጉ ጥያቄ መጣ፤ ሽፈራውም አንዲት ውሸት ሳይናገር መለሰ።

«ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»

«ሰማንያ አንድ።»

«መቼም ጠግበዋል። ሥራቸውስ?»

«የውሃ ሥራ። የእሳት አደጋም።»

«የእርስዎን ሙያ! ልጅ አላቸው?»

«የላቸውም። ብቻቸውን ነበሩ።»

«መቼ ነው ያረፉት?»

«ቆይቷል። እኔ ቁርጤን ያወቅሁት ረቡዕ ነው» አለ። ሰዉ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ መርዶ እዚህ አገር ዘግይቶ እንደሚደርስ የማያውቅ አልነበረም። ወንድሙ የእናቱን ሞት የሰማው በዓመቱ ነው።

ወይዘሮ የሺእመቤት ደረታቸውን መታ መታ አድርገው በቀጭን ድምፅ ጀመሩ፦

*የሰው ቤት ሲቃጠል ውሃ ይዞ ሚደርስ፣*
*የራሱ ቤት ኦና፣ ማን አለው ሚያለቅስ።*

ቤቱ በአንዴ እንባ ሆነ። በለቅሶ ሰው ሁሉ የራሱን ሙት ነው የሚያነሣው፤ አንዷ «እናቴ» ትላለች፣ አንዱ በረሃ ላይ ጥሎት የመጣውን ታናሽ ወንድሙን ይጠራል። ወይዘሮ የሺእመቤት ብቻ ከሁሉ ይልቅ እያለቀሱ የማንንም ስም አልጠሩም። ወንድሙ ወደ ሽፈራው ጆሮ ጠጋ አለ። «እማማ የትም ለቅሶ አይቀሩም። ልጃቸው አገር ቤት በወታደር ከቤት ከተወሰደ አሥር ዓመቱ ነው፤ ይሙት ይኑር አይታወቅም።»

እንባው ጋብ ሲል ወይዘሮ የሺእመቤት ንፍሮውን አዞሩና ለሽፈራው ዘገኑለት። «ከእንግዲህ ብቻዎን አይበሉም። እስከ አርባቸው በተራ እንመጣለን። ቄሱ በሚመጡበት እሁድ ደግሞ ጸሎት ይደረግላቸዋል። ፎቶግራፍ ካለዎት ይስጡኝ፤ ጠረጴዛው ላይ እናቁመው።»

የለኝም ቢል አለቀ። አርባ ቀን ሙሉ ሰው! ደረጃው ላይ ኮቴ፣ በሩ ላይ ማንኳኳት፣ «ቤቶች» የሚል ድምፅ። ሽፈራው ይህን ስንት ዓመት ተመኝቶታል። ከዚያ ግን የሴትዮዋን ዓይን አየ። ዓይናቸው አብጧል። የልጇን ቁርጥ ያጣችን እናት እንዲህ አስለቅሶ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል? አልቻለም። ተነሣ፣ መመሪያውን መጽሐፍ አወጣ፣ ሥዕሉ ያለበትን ገጽ ገልጦ ሰጣቸው። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረንጅ አፈጠጠባቸው።

«ይሄ ማነው?»

ሽፈራው ሁሉንም ተናገረ። ስለ ፓምፑ፣ ስለ ነደደችው ከተማ፣ ስለ ኪራይ ክፍሉና ስለ ሦስቱ ቀን፣ ስለ መዶሻው፣ ዓርብ ዓርብ ስለሚያወራው ወሬ። ሲጨርስ ከለቅሰኞቹ አንዷ፣ ሉሊት የምትባል ልጅ፣ ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች። አቶ ብርሃኑ የሚባል ለቅሰኛ ብድግ አለ። «በሞት ይቀለዳል እንዴ? ሥራዬን ጥዬ እኮ ነው የመጣሁት!»

አንድ በአንድ ወጡ። ወይዘሮ የሺእመቤት መጽሐፉን ከድነው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። መጨረሻ የቀረው ወንድሙ ነው፤ ወንበሮቹን እያጠፈ «ጋሼ፣ ባይናገሩት ምን ነበር?» አለ። በሩ ሲዘጋ ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ባዶ ሆነ፤ ሰው ያልገባበት ቤትና ሰው የወጣበት ቤት አንድ አይደለም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። አፍሮ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ የሺእመቤት ናቸው፣ ብቻቸውን።

«ድስቴን ረስቼ።»

አጥቦ አስቀምጦታል፤ አመጣላቸው። ተቀበሉትና አልሄዱም። ያለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠው ድስቱን ታቀፉ።

«በሦስት ቀኑ ተገኘ ያልከው እውነት ነው?» አሉ፣ አንቱታውን ትተው።

«እውነት ነው።»

«የሚያለቅስለት አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ድስቱን በጣታቸው ሲያሻሹ ቆዩ። «አሥር ዓመት ሙሉ በሰው ለቅሶ ተጠግቼ ነው የማለቅሰው። ቁርጡ ሳይታወቅ አይለቀስም፣ ሟርት ነው፣ ይሉኛል። ቅዳሜ አንተ ላይ ሊቆጡ ሲነሡ እኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ከሞተ መቶ ዓመት ሊሞላው ለቀረበ ፈረንጅ ከተለቀሰ፣ ለእኔ ልጅ ለምን አይለቀስም? እናቱ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ሞቷል።» ቃሉን ሲያወጡት የመጀመሪያቸው ነበር፤ አፋቸውን በእጃቸው ጋረዱ። «ግን ለቅሶ ብቻን ሆኖ አይቀመጡትም። እነሱን ብጠራ ‹ተዪ እባክሽ› ብለው ይመለሳሉ። አንተ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«እኔም ቤት ያለው አንድ ወንበር ነው።»

ሽፈራው እጁን ዘረጋላቸው፣ ሲነሡለት ወንበሩን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ወይዘሮ የሺእመቤት ድስታቸውን፣ እሱ ወንበሩን ተሸክመው ወደ እሳቸው ቤት መንገዱን ተሻገሩ። መኪናው ሁሉ እየዞረ አያቸው። እግረኛ በማይታይበት አገር፣ ወንበር የተሸከመ እግረኛ!

ክፍላቸው ገብቶ ወንበሩን ከእሳቸው ፊት ለፊት አስቀመጠና ተቀመጠ። ሙሾ ማውጣት አያውቅበትም። ጥያቄዎቹን ግን ያውቃቸዋል፤ ቅዳሜ ተጠይቋል።

«እግዜር ያጥናዎ» አለ። «ስሙ ማን ነበር?»

«ኃይሉ።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ነጠላቸውንም አዘቀዘቁ።