የሹልክ ሁለተኛ ወንበር

መሐንዲሱ ብሎ የሰየመው ሰፈሩ ነው እንጂ ሰውዬው በያጅ ነው። ግን ምን ዓይነት በያጅ! ሰማይ ተሰንጥቆ ቢያመጡለት በይዶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ ይመልሳል። የሚኖርበት ከተማ መንገድ ደግሞ አንዴ ከተዘጋጋ፣ ጢሙን ተላጭቶ ከቤቱ የወጣ ሰው ሥራ ቦታው የሚደርሰው ሪዛም ሆኖ ነው።

ሹልክን የሠራት ለዚሁ መንገድና ለሚስቱ ደረት ብሎ ነው። ሚስቱ አስም አለባት፤ የመኪና ጭስ ሲነካት ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሹልክ ግን በፀሐይ በሚሞላ ባትሪ የምትሄድ፣ ጭስ የማታውቅ፣ ባለ ሦስት ጎማ ቀጭን መኪና ናት። ስፋቷን የወሰነው ትራፊኩ መሀል ገብቶ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል ከስፖኪዮ እስከ ስፖኪዮ በሜትር እየለካ ነው። ሾፌሮቹ ሱሪ ልትሰፋልን ነው እንዴ እያሉ ሲያሾፉበት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ለካ።

መጀመሪያ ከሾፌሩ ጀርባ የሚስቱ ወንበር ነበር። ኋላ ሹልክ የምትቀርብበት አውደ ርዕይ መጣ። መሐንዲሱ ሹልክ አንዴ ከተሞላች አገር ታካልላለች ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። ለተጨማሪ ባትሪ ቦታ ሲያጣ ወንበሩን በግራይንደር ቆርጦ አነሳው። ሚስቱ የላሜራውን ጫፍ ይዛለት ነበር።

"እኔስ የት ልቀመጥ?" አለችው።

"አንቺንማ አዝልሻለሁ" ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

አውደ ርዕዩ ሳይደርስ አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠራት። መድኃኒቷን ደጋግማ ሳበች፤ ወይ ፍንክች። ሹልክ ግቢው ውስጥ ታጥባ ቆማለች። እሱ ቢነዳት ለሚስቱ ቦታ የለ፤ ሚስቱ ብትቀመጥባት መሪ የምትይዝበት አቅም የላት። ጎረቤታቸው ባለታክሲ ጭኗቸው በረረ፤ ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ቀጥ። መስኮቱ ሲከፈት ጭሱ ይገባል፣ ሲዘጋ ትታፈናለች።

"መሐንዲሱ፣ ያቺ ቀጭኗ እኮ ይሄኔ በዚህ መሀል ሹልክ ብላ ደርሳ ነበር" አለ ባለታክሲው፣ ክፉ ሳያስብ።

"ወንበር የላትም" አለ።

ወርዶ ሚስቱን አዘላት። ያ በሜትር የለካው ክፍተት ፊቱ ተዘርግቷል። ክፍተቱ ግን የአንድ ሰው ነው፤ ጉልበቶቿ ግራና ቀኝ ስፖኪዮ እየመቱ አላሳልፍ አሉት። ሾፌሮቹ ጡሩምባ ነፉ፣ ሰደቡት። ከተሳዳቢዎቹ አንዱ የሴትዮዋን ፊት አየና ስፖኪዮውን አጠፈ። ከፊቱ ያለውም አጠፈ፤ ከዚያም ፊት ያለው። እስከ መታጠፊያው ድረስ ስፖኪዮው ሁሉ ታጥፎ መንገዱ ሲሰፋ፣ ክንዷ ከአንገቱ ላይ ላላ።

እሱ ሮጠ። እየሮጠም ያወራላታል፤ ንጉሥ ያልተቀመጠበት ወንበር እንደሚሠራላት፣ ባትሪውን ዛሬውኑ አውጥቶ እንደሚጥለው።

"ደርሰናል እኮ" አላት።

ሆስፒታሉ ገና አይታይም ነበር።