የኩትበርት ጀርባ

ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ አያለሁ ብዬ የጠበቅሁትን አይደለም። ይህን የምነግራችሁ የከተማችን ሙዚየም ኃላፊ ኢሞጅን ለምን እንዲያ እንዳንገበገበችኝ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

ሙዚየሙ ስለ ጥቁር የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ዐውደ ርእይ ሊከፍት ተዘጋጅቶ ነበር። ከጃማይካ መጥተው እዚህ ኖቲንግሃምሻየር ጉድጓድ ከወረዱት አንዱ አባቴ ላሴልስ ነው። ሌላው የልብ ጓደኛው ኩትበርት ነበር። ኩትበርት ከሞተ ቆይቷል፤ ባለቤቱ እትዬ አይሲልዳ አሁን ደርቢ ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ያለው የሠርግ ፎቶ ብቻ ነው። ዕድሜውን የጨረሰበት ቦታ ምን ይመስል እንደነበረ አንድም ቀን አላዩም፤ ሴት ወደዚያ አትገባም ነበር። «የኩትበርት ፎቶ ዋናው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል» የሚል መልእክት ከሙዚየሙ ሲደርሳቸው አዲስ ኮፍያ ገዙ።

መክፈቻው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ዕለት አባቴን ይዤ ሄድሁ።

ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሞላ ፎቶ ነው። ከሰል የለበሰ ፊት፣ ነጭ ዓይን፣ ነጭ ጥርስ። ከሥሩ «ኩትበርት፤ ከጃማይካ ፀሐይ ወደ ምድር ጨለማ» ይላል። አባቴ መነጽሩን አስተካከለና ሳል እስኪያፍነው ሳቀ።

«ይሄማ ዋልት ነው!»

«ዋልት ማን?» አለች ኢሞጅን።

«ዋልት ቤክሰን ነዋ፣ እርግብ የሚያረባው። ከኛ ቤት ኋላ ነው የሚኖረው።»

ኢሞጅን ለሽማግሌ የሚሰጠውን ዓይነት ፈገግታ ሰጠችው። «ብዙ ዓመት ሆኖታል እኮ፣ አቶ ላሴልስ። ትዝታ አንዳንዴ…»

«ልጄ፣ ዋልት ነጭ ነው።»

ፎቶውን አየች፤ እኛን አየች፤ ተመልሳ ፎቶውን አየች። «ግን ፊቱ…»

«ከሰል ነው! ሁላችንም እንደዚያ ሆነን ነው የምንወጣው። አለቃው ራሱ አንድ ቀን ቢወርድ እንደዚያ ሆኖ ነው የሚወጣው።»

እኔ በተራዬ ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ላብ ያጠበውን የዓይኑን ዙሪያ፣ የጆሮውን ውስጥ፣ ከሰሉ ያልሸፈነውን ቀላ ያለ የቅንድብ ፀጉር በጣቴ አሳየኋት። ፎቶዎቹ የመጡበት ሣጥን ላይ «የጃማይካ ልጆች ፈረቃ» ተብሎ ነበር የተጻፈው አለች። ፈረቃው ውስጥ ነጮችም ነበሩ አልኋት። ፎቶውን የመረጠው ኮሚቴ ነው አለች። ከኮሚቴው ውስጥ ጉድጓድ የወረደ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከለንደን የመጡ አማካሪ አሉ አለችኝ።

«የኩትበርት ሌላ ፎቶ አላገኛችሁም?»

«አንድ ነበር፤ የሠራተኞች ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ እየሳቀ። ኮሚቴው ግን ታሪኩን አይናገርም ብሎ መለሰው።»

«የቱን ታሪክ?»

«ስቃዩን።»

አባቴ ሳቁን አቆመ። «ኩትበርት ከረባት ይወድ ነበር» አለ። «ሰውየው የማይስቅበት ነገር አልነበረም።»

አርብ ዕለት ዋልትን ራሱን ይዘነው ሄድን። በትሩን ተደግፎ ከገዛ ፊቱ ሥር ቆመና አንጋጠጠ።

«ለካ ቆንጆ ነበርሁ።»

«ውሸትህን ነው» አለ አባቴ። «ጨለማ ነበር የረዳህ።»

ኢሞጅን ጉሮሮዋን ጠረገች። «አቶ ቤክሰን፣ ፎቶው የእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር አለዎት?»

«ምን ላድርግልሽ? ፊቴን ላጥቁር?»

«ተው» አለው አባቴ። «ጉድጓዱ ተዘግቷል፣ ከሰል የለም። የጫማ ቀለም ከተቀባህ ደግሞ እንጣላለን።»

ኢሞጅን ስልክ ደወለች፤ ኮሪደሩ ላይ ረጅም ሰዓት በሹክሹክታ አወራች፤ ደስ ብሏት ተመለሰች። መፍትሔ ተገኝቷል። የኩትበርት ስም ይነሣና በምትኩ «ስሙ ያልታወቀ ጥቁር ሠራተኛ» ይባላል።

«ያልታወቀ?» ዋልት በትሩን መሬት ላይ መታ። «ዕድሜዬን በሙሉ እዚህ ከተማ ኖሬ እኔ ነኝ ያልታወቅሁት?»

«ጥቁሩንስ?» አለ አባቴ።

«ጥቁሩን ላስብበት» አለ ዋልት።

ቤት ስንደርስ ግን አባቴ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት፣ «ማርቫዬ፣ አይሲልዳን ምን እላታለሁ?» አለኝ። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ የፎቶው ባለቤት ራሱ፣ በዓይናችን ያየነውን ተናግረን አልታመንንም። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ሰው ቢኖር በሳምንቱ ይባረር ነበር።

ቅዳሜ እትዬ አይሲልዳን ከአውቶቡስ ተቀበልሁ። ኮፍያው ሐምራዊ ነው፣ ላባ አለው። ነገሩን በመንገድ ላይ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ኮፍያውን ሳይ ግን ስለ ላባው ብቻ አወራሁ። ሙዚየሙ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«መጀመሪያ ሽንት ቤት ውሰጂኝ፣ ልጄ። ባሌን ፊኛዬ ተወጥሮ አላየውም።»

ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው ኮሪደር ጠባብ ነው። ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ትንንሽ ፎቶዎች ሰቅለውበታል። እትዬ አይሲልዳ አንዱ ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

የሠራተኞቹ መታጠቢያ ቤት ነው። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ከዳር የገባ የሌላ ሰው እጅ ሳሙና ይዞ ያሸዋል። ፊት የለም። በአከርካሪው ላይ ከአንገት እስከ ወገብ፣ ዝቅተኛው ጣራ የፋቀው ጠባሳ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተደርድሯል። ከሥሩ «ንጽሕና በማዕድን ማውጫ» ይላል።

«ይህን ጀርባ ማታ ማታ ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። ጣታቸውን ከመስተዋቱ ሳያስነኩ ከጠባሳ ወደ ጠባሳ አወረዱ። «ይቺ የመጨረሻዋ አትድንም ነበር። ሸሚዙን ሁሉ ታበላሽብኝ ነበር።»

እኔ እጁን አየሁት። ትንሿ ጣት ከመጀመሪያው አንጓ ወደ ውስጥ ታጥፋ ቀርታለች። ሄጄ አዳራሹ ውስጥ ከዋልት ጋር የቆመውን አባቴን ጠራሁት።

መጣ፣ አየ፣ የራሱን እጅ አንሥቶ ፎቶው አጠገብ ያዘ፤ ትንሿ ጣቱ እንደዚያው የታጠፈች ናት።

«መታጠቢያው ውስጥ በሰልፍ ነበር የምንቆመው» አለ። «የኋለኛው የፊተኛውን ጀርባ ያሻል። እኛ ጋ ሲደርስ ሰልፉ ይቋረጣል። የሚያሸን ስላልነበረ እኔና ኩትበርት እርስ በርስ እንተሻሽ ነበር። አንድ ቀን ዋልት መጥቶ ኩትበርት ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ‹ውሃው እየቀዘቀዘ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?› አለው። ኩትበርት ቆዳው እስኪላጥ አሸው።»

«አዎ፣ አመመኝ» አለ ዋልት ከኋላችን።

ኢሞጅን ተጠርታ መጣች። ፎቶው በጣም ልብ ይነካል አለች። ለወደፊቱ እናስብበታለን አለች። ዛሬ ግን ግድግዳው ተጠናቋል፣ እንግዶችም ገብተዋል፤ «ደግሞም ፊት የለውም። ተመልካች ሰውየውን ዓይን ለዓይን ማየት ይፈልጋል።»

«የማንን ዓይን? የዋልትን?» አልኋት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ።

እትዬ አይሲልዳ ግን አልተቆጡም። «ማርቫ፣ ወንበር አምጪልኝ» አሉ። አመጣሁ። ጠባቡ ኮሪደር መሐል መንገዱን ዘግተው አስቀመጡትና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ባሌ ዋናው ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል አልነሣም።»

እንግዶቹ ወይን ሲጠጡ ነበርና ብዙም ሳይቆይ ሰው ወደ ሽንት ቤቱ መምጣት ጀመረ። ዋልት በበትሩ ያሰልፋቸው ጀመር፤ «አትጋፉ፣ በተራ፣ በተራ!» ከንቲባው የወርቅ ሰንሰለታቸውን አንጠልጥለው ደረሱ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ላልፍ ነበር።»

«ባሌም ሊያልፍ ነበር፣ ልጄ። ቁም።»

ከንቲባው ፎቶውን አዩ፤ እሳቸውን አዩ፤ ኮፍያውን አዩ። አንዱን እግር በሌላው ላይ አጣምረው ወደ ኢሞጅን ዞሩ። «እዚህ ቤት መሰላል የለም?»

መሰላል ነበር። ኮሚቴ ሳይሰበሰብ፣ ከለንደን ሳይጠየቅ የዋልት ፊት ወረደ። ዋልት ጠቅልሎ በብብቱ ያዘው፤ ለእርግቦቹ ቤት ይሆናል አለ። ትልቁ ግድግዳ ላይ ትንሹ ፎቶ ተሰቀለ። ኢሞጅን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ምን ልጻፍ አለች።

«ኩትበርት በይ» አሉ እትዬ አይሲልዳ ከወንበራቸው። «የሚያሸው ላሴልስ።»

«ሳሙናውም የላሴልስ» አለ አባቴ። «ኩትበርት ሳሙና ገዝቶ አያውቅም።»

እትዬ አይሲልዳ ይህ ሁሉ መጻፉን እንዳረጋግጥላቸው ላኩኝ። ተጽፏል ስላቸው ብድግ አሉ። ከንቲባው ወደ ሽንት ቤቱ አንድ እርምጃ ሲራመዱ እትዬ አይሲልዳ ጣታቸውን ቀሰሩባቸው።

«ወዴት? ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ።»