«ጠበቅ!»

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባቡር ሐዲድ ሲገጥም ኖረ፤ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ሥራውን ይዞት ቤት መጣ። ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ አልጋ በሚያህል ጠረጴዛ ላይ፣ ከክብሪት እንጨት በማይወፍር ብረት የትንሽ ባቡር መንገድ ዘረጋ። «የአሻንጉሊት» ስል ሰምቶኝ ሁለት ቀን አኩርፎኛል። ዙሩ ሊገጥም አንድ ክንድ ሲቀረው ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ፤ ቃሉም ግማሹ እዚያው አፉ ውስጥ እየቀረ ተቸገርን።

ቤታችን ውስጥ ጄኔራሏ የምንላት ታላቅ እህቴ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት መጥታ ወደ እሷ ፎቅ ልትወስደው ወሰነች። ጠረጴዛው በዚያ ደረጃ አይወጣም። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ስለምውል እሱን የሚጠብቅ የለም፤ እሺ አልኳት። ግን ባቡሯ ዐይኑ እያየ አንድ ዙር፣ አንዲት ዙር ብቻ ሳትዞር አይሄድም ብዬ ማልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ጠረጴዛው አጠገብ አስጠግቼው ጀመርኩ። የሐዲድን ጫፍ ከጫፍ የምታያይዘው መጋጠሚያ የጥፍር ቁራጭ የምታህል የብረት እጥፋት ናት። ከላላች ኤሌክትሪክ አታሳልፍም፣ ባቡሯ ቀጥ ትላለች። ከጠበቀች ደግሞ አልገባም ትላለች። እሞርዳለሁ፣ እገፋለሁ፣ ታመልጠኛለች፣ በእንብርክኬ ወለሉ ላይ እፈልጋታለሁ፣ ሳገኛት አውራ ጣቴን ትወጋኛለች። ያወረድኩባትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

በልጅነቴ ምሳውን ይዤለት ስሄድ ሠራተኞቹ ላይ «ጠበቅ!» እያለ ሲጮህ እሰማው ነበር። እኔም አጠበቅኩ። የገባችውን ሁሉ በፒንሳ ጨመቅኳት። ድሮ እሱ የገጠማቸውንም ሐዲዶች መሃላቸው ክፍት ሆኖ ሳየው፣ ላልተዋል ብዬ እየገፋሁ ጫፍ ለጫፍ አገናኘኋቸው።

«ትን... ትንፋ...» አለ አባቴ።

«ምን ሆንክ አባዬ? አየር አጠረህ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ ይሁን አይደለም እንጃ። «ትንፋ... ሽ። ተ... ይ።»

«ምኑን ነው የምተወው? ልትሄድ እኮ ነው! አልተውም!» ብዬ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት፤ መጋረጃውንም ገለጥኩ። ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋች። ክፍሉ ሲበራ ደስ አለኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ገጠምኩና ማብሪያውን ግራ እጁ ላይ አደረግሁለት። ተጫነው። ባቡሯ ተነሣች። አባቴ በሚታዘዝለት ጉንጩ በኩል ፈገግ አለ፤ እኔ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ግማሹን ዞረች። መስኮቱ ሥር ስትደርስ ከነፉርጎዋ ተገልብጣ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀጥ ያለው ሐዲድ ከጠረጴዛው ተነሥቶ እባብ ሆኗል። ስነካው ያቃጥላል።

አባቴ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጣብቆ አሳየኝ። ከዚያ ጥፍር የምታስገባ ያህል ከፈታቸው። ያን ጊዜ ሌላኛው ግማሽ ትዝ አለኝ፤ «ጠበቅ!» ብሎ ከጮኸ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትንፋሽ ተዉለት» ይላቸው ነበር። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ለእሱ የሚተዉለትን ክፍተት ነበር ትንፋሽ የሚሉት። ትንፋሹን የደፈንኩት እኔ። ፀሐይዋን ያስገባሁትም እኔ።

«አሁን እፈታዋለሁ፤ ሰዓት አለን» አልኩ። መስኮቱ ሥር ያለችውን አንዷን መጋጠሚያ ብቻ ባላቅቃት ይበቃ ነበር። በፒንሳ ሳብኳት፤ ንቅንቅ አላለችም። በጥርሴም ሞከርኩ። ሐዲዱ ተጣመመ እንጂ እሷ አልወጣችም። ዕድሜዬን ሙሉ ሥራሽ ልል ነው ስባል ኖሬ፣ አንድ ነገር ባጠብቅ ይህ ሆነ። አለቀስኩ።

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ጄኔራሏ ገባች። «አልተዘጋጃችሁም እንዴ? መንገድ ዘግቼ ነው የቆምኩት።» ጠረጴዛውን ዞር ብላም አላየችው። ወንበሩን መግፋት ጀመረች።

በሩ ላይ ሲደርሱ አባቴ «ትንፋ...» አለ።

«አየር አጥሮት ነው። አይዞህ አባዬ፣ እኔ ጋ በረንዳ አለ» አለችው።

አባቴ ዞሮ ሊያየኝ ሞከረ። አንገቱ በዚያ በኩል አይዞርለትም።